የወል ቤት በአራት ምት፦ የመካነ ሰላም አካባቢ ጀማሪ ራፐር ምንጮችና አሠራር

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ራፕ የሚጀምር ወጣት ሁለት ሀብት ይዞ ይነሣል። አንደኛው በስልኩ የሚያዳምጠው ሙዚቃ ነው፤ ከኒው ዮርክ፣ ከአትላንታና ከአዲስ አበባ የደረሰው ምትና አነጋገር። ሁለተኛው በጆሮው ያደገው ግጥም ነው፤ በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በደቦ፣ በሐድራና በቡሄ ሲባል የሰማው፣ ማንም ተቀመጥና ተማር ሳይለው የለመደው። ራፕ በምት ላይ የሚነገር ግጥም ስለሆነ የጀማሪው ሥራ በአጭሩ እነዚህን ሁለቱን ማጋጠም ነው። ማጋጠሙ ደግሞ በስሜት ብቻ አይሆንም፤ የቀለም ብዛት፣ የምት ብዛትና የትንፋሽ ቦታ ይቆጠርበታል።

ምድሩና ሰሚው

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ ተነሥቶ በለጋምቦዋ አቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ ይደርስባታል፤ ከእርሷ ወዲያ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ያዘቀዝቃል፣ ከወንዙ ማዶ ጎጃም ነው። ሳይንት፣ ወግዲ፣ ከለላና ለጋምቦ በዚሁ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የሚገኙ ወረዳዎች ናቸው። ቦረና፣ ለጋምቦና ሌላው የአካባቢው ወረዳ ለገሂዳ የሚሉት ስሞች የኦሮሞ አሰፋፈር ያስቀረው አሻራ ሲሆኑ፣ የሕዝቡ የዕለት መግባቢያ አማርኛ ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ደቦ ያጭዳሉ፣ በአንድ ለቅሶ ይቀመጣሉ። በዚህ ምክንያት አንድ ልጅ ከአፉ ግጥም ሳይወጣ በፊት የማኅሌቱንም የመንዙማውንም ዜማ ይለምዳል።

በቅርብ ዓመታት አንድ ነገር ተጨምሯል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ባሉት ግቢዎቹ ከየክልሉ ተማሪ ይቀበላል። በመኝታ ክፍል የኦሮምኛ፣ የጉራጊኛና የአዲስ አበባ አማርኛ ዘፈን ጎን ለጎን ይደመጣል፤ የአካባቢው ወጣት ራፕ ከስልክ ውጭ ከሰው አፍ የሚሰማው፣ ራሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኩዮቹ ፊት የሚሞክረው በእንዲህ ያለ ስብስብ ነው።

የአገር ቤት ምንጮች

ለራፕ ከሁሉ የሚቀርበው ፉከራ ነው። ፎካሪው «ዘራፍ» ብሎ ይነሣል፤ ራሱን በስሙ ይጠራል፣ ዘሩንና ሙያውን ይቆጥራል፣ ባላንጣውን ያሳንሳል፣ ከዚያ ሰሚውን ያነሣሣል። ግጥሙ በፍጥነት ይወርዳል፤ ዜማው ጥቂት ነው፣ ኃይሉ ያለው በንግግሩ አጣጣል ላይ ነው። ራፐሮች በመድረክ ስም እንደሚጠሩት ሁሉ የጥንቱ ጦረኛም በፈረስ ስም ይጠራ ነበር፤ በመቅደላ የተሠዉት ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል «አባ ሻንቆ» ነበሩ። ጀማሪው ራፐር ስለራሱ ሲመካ የሚከተለው ሥርዓት በአያቶቹ ዘንድ ደንብ የነበረው ነው።

ሁለተኛው የአዝማሪ ቤት ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ በተቀመጠው ሰው ላይ ግጥም ያወጣል፤ ከሰሚዎቹ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ስንኝ ሲሰጠው እርሱኑ መልሶ በዜማ ይለዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለፍሪስታይል፣ ማለትም ሳይጻፍ በቦታው ለሚወጣ ራፕ፣ መሠረት ነው፦ ሁለተኛውን ስንኝ ለማሰብ ጊዜ የሚገኘው የመጀመሪያው እየተባለ ሳለ ነው። ልምድ ያለው አዝማሪ መድረሻውን ቀድሞ ይይዝና መነሻውን ወደዚያ ይመራዋል። ልጆች በእንካ ስላንትያ ጨዋታ ያንኑ ችሎታ በለጋነታቸው ይለማመዳሉ፤ መልስ ያጣ ይሸነፋል፣ የሚያስቅ መልስ የሰጠ ያሸንፋል። ራፕ በተወለደበት በሂፕ ሆፕ ዓለም ሁለት ራፐሮች ፊት ለፊት ቆመው የሚዋጉበት ውድድር ዳኝነቱ ይኸው ነው።

ሦስተኛው መንዙማ ነው። ወሎ የኢትዮጵያ የመንዙማ ማእከል ናት፤ በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር በዐረብኛ ፊደል ከጻፏቸው የአማርኛ መንዙማዎች ጋር ስማቸው ይነሣል። ሐድራ በሚባለው የመንዙማ ጉባኤ ላይ መሪው ግጥሙን ያወርዳል፣ ማኅበሩ በአንድ አዝማች ይቀበላል፣ ድቤና ጭብጨባ ምቱን ይይዛሉ። አዝማቹ በተደጋገመ ቁጥር ስሜቱ ይግላል፤ መሪው ግን በየዙሩ አዲስ ነገር ይጨምራል። ራፐር አዝማችንና አንቀጽን እያፈራረቀ ዘፈኑን ሲያሳድግ የሚጠቀምበት ብልሃት ከዚህ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ በዓላማው ነው፦ መንዙማ ውዳሴና ጸሎት በመሆኑ፣ ጠንቃቃ ወጣት የአወራረዱን ሥርዓት ይማርበታል እንጂ ዜማውን አንሥቶ ለጭፈራ አያውለውም።

አራተኛው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሰውና በሰዓታት ድርሰቱ የሚታወቀው የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በስሙ የሚጠራበት የጋስጫ ገዳም በዚሁ በቦረና ምድር ነው። ተድባበ ማርያም በሳይንት፣ በቅኔ ስሟ የገነነው ዋድላም በዚያው በወሎ ናቸው። የአብነት ተማሪ ለቅኔው ቀኑን ሙሉ ያስባል፤ ያልተጻፈውን በአእምሮው ይዞ ይሄዳል፣ በምሽት ለመምህሩ ነግሮ ያሳርማል። ሰም የሚታይ፣ ወርቅ የተሸሸገ ሆኖ ሁለት ፍቺ የሚሸከም ስንኝ ከቅኔ ቤት ወጥቶ በአዝማሪውም በገበሬውም አፍ የተለመደ ሆኗል። ጀማሪው ራፐር ቅኔ ቤት ባይገባ እንኳን ድርብ ትርጉም የሚጠብቅ ሰሚ ይጠብቀዋል።

ከውጭ የመጣው

ሂፕ ሆፕ የተወለደው በኒው ዮርክ ብሮንክስ ነው። ከጃማይካ የፈለሰው ክላይቭ ካምቤል፣ በመድረክ ስሙ ዲጄ ኩል ኸርክ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 1973 ሙዚቃ ባጫወተበት የሰፈር ግብዣ ታሪኩ ይጀመራል። ኸርክ የዘፈኑ ከበሮ ብቻውን የሚሰማበትን አጭር ክፍል በሁለት ማጫወቻ እያፈራረቀ አስረዘመው፤ በዚያ ላይ የሚነገረው ቃል ከጊዜ በኋላ ራፕ ሆነ። ከድሮ ሸክላ ቁራጭ ድምፅ ወስዶ አዲስ ምት መሥራት፣ በሙያው ቋንቋ ሳምፕል ማድረግ፣ ከዚህ ልማድ የመጣ ነው።

ይህ ልማድ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ራሱን ወደ ሂፕ ሆፕ አስገብቶታል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክ» በሚል ተከታታይ እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን የአዲስ አበባ ቅጂዎች እንደገና ካሳተመ በኋላ የውጭ ቢት (የራፕ ማጀቢያ ሙዚቃ) ሠሪዎች ጆሮ ሰጧቸው። የካሊፎርኒያው ኦ ኖ እ.ኤ.አ. በ2009 በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ የተመሠረተ አንድ ሙሉ አልበም አወጣ። ናስና ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 በጋራ ባወጡት አልበም ውስጥ ያለው «አዝ ዊ ኢንተር» የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ሳምፕል አድርጓል። ትዝታ ከወሎ ጋር ከሚያያዙት ቅኝቶች አንዱ ነው፤ ስለዚህ የወሎ ወጣት በራሱ ሰፈር ያደገ ዜማ ከኒው ዮርክ ዞሮ ሲመጣ ይሰማል።

በውጭ የኖሩ ኢትዮጵያውያንም የየራሳቸውን መንገድ አሳይተዋል። የሲያትሉ ጋብሪኤል ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ2007 «ላቭወርክ» የተባለ አልበሙን አወጣ፤ በ2012 ደግሞ ከምክሊት ሀደሮና በርንትፌስ ከተባለው ራፐር ጋር «ኮፐርዋየር» በሚል ስም ተጣምሮ በጠፈር ጉዞ ታሪክ ላይ የተሠራ አልበም አበረከተ። አገር ውስጥ ቴዲ ዮ በ«ጉራጌቶን» ራፕን በጉራጌ ጭፈራ ምት ላይ አስቀመጠ፤ ልጅ ሚካኤል የአማርኛ ራፕን ለብዙ አድማጭ አደረሰ፤ ካስማሰ ራፕን ከሬጌ ጋር አዋሐደ። ሁሉም ለጀማሪው አንድ ነገር ያስተምሩታል፦ የሚደመጠው ራፕ አንድ የታወቀ ምድር ያለው ነው።

ከራፕ ውጭ ግን እጅግ ጠቃሚው አርአያ የሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ነው። ጌታቸው በድምፅ የሚባለውን ሽለላ በሳክስፎን ተረጎመው፤ የፎካሪው ትንፋሽ፣ ጩኸትና መቆራረጥ በመሣሪያው ውስጥ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም «ዘ ኤክስ» ከተባለው የኔዘርላንድ የሮክ ባንድ ጋር ሲሠራም አጨዋወቱን አልለወጠም፤ ባንዱ ነው ወደ እርሱ የመጣው። አሮጌ ሥርዓት በአዲስ መሣሪያ ላይ ሳይቀንስ ሊገባ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይፈለግም።

የስንኝና የምት ሒሳብ

አማርኛ ግጥም የሚለካው በቀለም ነው፤ ቀለም ማለት አናባቢ ያለው የድምፅ ክፍል ነው። ፊደል መቁጠር ያሳስታል፤ «ልብ» ሁለት ፊደል ሆኖ አንድ ቀለም፣ «ድንጋይ» አራት ፊደል ሆኖ ሁለት ቀለም ነው። ሳድሱ አንዳንዴ ይዋጣል፣ አንዳንዴ ይነገራል፤ የሚጠብቅ ድምፅ ደግሞ ከሚላላው ይልቅ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ራፐር ግጥሙን በወረቀት ሳይሆን በአፉ ይቆጥራል።

ከታወቁት የግጥም ቤቶች ሦስቱ ለዚህ ጉዳይ ይጠቅማሉ። የወል ቤት እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ሆኖ በሁለት ይከፈላል፣ ድምሩ 12 ቀለም ነው። ሰንጎ መገን አምስት አምስት ይሄዳል። ቡሄ በሉ አራት አራት ነው። የሂፕ ሆፕ ምት በበኩሉ በአራት ይቆጠራል፤ አራት ምት አንድ ባር ይሆናል። እያንዳንዱ ምት ለአራት ቢከፈል ባሩ 16 ቦታ፣ ለሦስት ቢከፈል 12 ቦታ ይኖረዋል።

ሁለቱን ማጋጠም ከዚህ ይጀምራል። የቡሄ በሉ ስንኝ ስምንት ቀለሙ በአራቱ ምት ላይ ሁለት ሁለት ሆኖ በእኩል ይተኛል፤ ልጆች ሙልሙል ሲለምኑ በዱላ መሬት እየመቱ የሚሉት ግጥም ከሂፕ ሆፕ ምት ጋር ያለ ምንም ማስተካከያ የሚሄደው ለዚህ ነው። ለአዝማች የሚመረጠውም ይህ ልክ ነው፤ ሰሚው ወዲያው ይይዘዋልና። የወል ቤት ሁለት አማራጭ አለው። በ16ቱ ቦታ ቢቀመጥ 12ቱን ይይዝና አራቱን ለትንፋሽ ይተዋል። በ12ቱ ቢቀመጥ ደግሞ ባሩን ከዳር እስከ ዳር ይሞላል፤ ስድስቱ ቀለም በሁለት ምት፣ ቀሪው ስድስት በቀሪው ሁለት ምት ያልቃል። ይህ ሁለተኛው አቀማመጥ ራፐሮች ትሪፕሌት የሚሉት ነው፤ የአትላንታ ራፐሮች በዓለም ዙሪያ ያስለመዱት አወራረድም ይኸው ነው። ችክችካ በሚባለው የአገራችን የጭፈራ ምት ደግሞ ቆጠራው ስድስት ስድስት ስለሆነ አንድ የወል ቤት ስንኝ በሁለት ዙር ያልቃል። በመሆኑም የወሎ ወጣት ትሪፕሌትን ሲሞክር እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ሰንጎ መገን ከ16ቱ ስድስት ቦታ ስለሚያስቀር ዝግ ያለ፣ ክፍተት የሚወድ አነጋገር ይሰጣል፤ ለትካዜና ለለቅሶ ይዘት ይስማማል።

ፍጥነቱም ይታሰባል። ምቱ በደቂቃ 90 ቢሆን አንድ ባር 2.7 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ የተለመደው ባለ 16 ባር አንቀጽ 43 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። በአንድ ባር አንድ የወል ቤት ስንኝ ቢገባ አንቀጹ 16 ስንኝ ወይም ስምንት ቤት ይይዛል። አንድ ታሪክ ለመንገር ስምንት ቤት ጥቂት ነው፤ ጀማሪው በመጀመሪያ የሚማረው ቁጠባም ይህ ነው።

ቤት መምታት የራሱ ፈተና አለው። በአማርኛ ግሥ ዐረፍተ ነገርን ስለሚዘጋ «ነው»፣ «አለ»፣ «መጣ» በየስንኙ መጨረሻ ይደረደራሉ፤ ቤቱ ይመታል፣ ግጥሙ ግን ይደክማል። መውጫው ሁለት ነው። አንዱ ግሡን ወደ መካከል አምጥቶ ስም ወይም ቦታ በመጨረሻ ላይ ማሳረፍ ነው፤ ቃል ግጥም ይህን አሠራር ከጥንት ያውቀዋል። ሁለተኛው ከመጨረሻው በተጨማሪ በስንኙ መካከል፣ የስድስቱ ቀለም መከፈያ ላይ፣ ሌላ ቤት መምታት ነው። የወል ቤት መሃሉ ላይ ዕረፍት ስላለው ለዚህ የተመቸ ነው።

ዘፈኑ እንዴት ይሠራል

ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ከቢት ይጀምራል። ጀማሪው የተዘጋጀ ቢት ከኢንተርኔት ያወርዳል ወይም ጓደኛው በላፕቶፕ፣ እንደ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ባለ ፕሮግራም፣ ይሠራለታል። የአገር ድምፅ የሚፈልግ ከሆነ የዋሽንት፣ የክራር ወይም የማሲንቆ አጭር ሐረግ ይቀርጻል፣ ቆርጦ ያዞረዋል፣ ከሥሩ የከበሮና የባስ ድምፅ ያስገባል። እዚህ ላይ የቅኝት ጉዳይ ይመጣል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው፤ ባቲና አምባሰል ስማቸውን ከወሎ ቦታ ያገኙ ናቸው። አምባሰል ከመነሻው ግማሽ ድምፅ ብቻ ወጥቶ ሰፊ ዝላይ ያደርጋል፤ ባቲ በዝላይ ይጀምራል። ማሪቱ ለገሠ በአምባሰልና በባቲ የዘፈነቻቸውን የሰማ ጆሮ ልዩነቱን ወዲያው ያውቃል። ባሱና የኪቦርዱ ድምፅ ከአምስቱ ውጭ ሲረግጡ ቅኝቱ ይፈርሳል፤ በተጨማሪም በጆሮ የተቃኘ ክራር ከኮምፒዩተሩ ድምፅ ጋር ልክ ላይገጥም ስለሚችል፣ ወይ የተቀረጸውን ማስተካከል ወይ ሌላውን ወደ ክራሩ ማምጣት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው እርከን ግጥሙ ነው። ብዙዎች ቃል ከማምጣታቸው በፊት በምቱ ላይ ትርጉም የሌለው ድምፅ እያጉረመረሙ የአወራረዱን ቅርጽ ይፈልጋሉ፤ ቀጥለው ቃሉን በቅርጹ ላይ ያስቀምጣሉ። ሌሎች ከአዝማቹ ይነሣሉ፤ ሰሚ ተቀባይ የሚሆንበትን አንድ ስንኝ ካገኙ አንቀጾቹ ወደዚያ ይጎርፋሉ። ይዘቱ ከሚታወቅ ኑሮ ሲመጣ ይጠነክራል፦ የዝናብ መዘግየት፣ ወደ ዐረብ አገር የተሰደደች እህት፣ ከተመረቀ በኋላ ሥራ ያጣ ልጅ፣ የደጋው ብርድ፣ የዓባይ በረሃ፣ የጤፍ ዋጋ። ቦታዎችና ዕቃዎች በስማቸው ሲጠሩ ግጥሙ አገር ያገኛል። የአካባቢው አነጋገርም አብሮ መግባት አለበት፤ የአዲስ አበባ ራፐሮችን ቃና የሚገለብጥ የቦረና ልጅ በመጀመሪያው ስንኝ ይታወቅበታል።

ሦስተኛው ቀረጻ ነው። ባለሙያ ስቱዲዮ በቅርብ በማይገኝበት ቦታ አንድ ማይክሮፎን፣ ላፕቶፕና ጆሮ ማዳመጫ ይበቃሉ፤ ጋቢና ብርድ ልብስ በግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ የድምፁን መመለስ ይቀንሳሉ። አንቀጹ በአንድ ትንፋሽ ካልወጣ ተቆራርጦ ይቀረጻል፤ ነገር ግን ቁርጡ የትንፋሹን ቦታ ካጠፋው የተነገረ ሳይሆን የተገጣጠመ ይመስላል። ከዋናው ድምፅ ሥር ሁለተኛ ድምፅ በየመድረሻው ቃል ላይ ብቻ ሲደረብ የተቀባዩን ቦታ ይይዛል። በሐድራም በሠርግም ግጥም ያለ ተቀባይ ስለማይወርድ፣ ተቀባይ የሌለበት ቅጂ ለዚህ አገር ጆሮ ጎደሎ ነው። ድምፁን የማመጣጠኑ ሥራ፣ ሚክሲንግ የሚባለው፣ በራፕ አንድ ሕግ ይበልጥበታል፦ ቃሉ መሰማት አለበት። ባሱ ንግግሩን ከሸፈነው ሰሙም ወርቁም ይጠፋል።

መድረክ፣ ማድረሻና ሕግ

ዘፈኑ ወደ ሰው የሚደርሰው በዩቲዩብ፣ በቲክቶክና በቴሌግራም ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ሙዚቃ በሚሞሪ ካርድና በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፍ ነበር፤ እንዲህ ያለው መንገድ የአድማጭ ቁጥር አያሳይም፣ ገንዘብም አያመጣም። ሠርግ፣ የምረቃ ዝግጅትና የተማሪዎች መድረክ ግን ለጀማሪው ከሁሉ የሚበልጥ ፈተና ናቸው፤ ሰሚው ቀርቦ አዝማቹን ካልተቀበለ ስንኙ የት ላይ እንደሚያነክስ ወዲያው ይታያል፣ ማረምም ይቻላል።

ከሌላ ሰው ዘፈን ቁራጭ የሚወስድ ሕጉን ማወቅ ይኖርበታል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሙዚቃ ደራሲን፣ ተጫዋቹንና የድምፅ ቅጂውን አዘጋጅ መብት ይጠብቃል፤ የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ባለቤቱ ከማይታወቅ የሕዝብ ዜማ መነሣት አንድ ነገር ነው፤ የታወቀ ድምፃዊ ከቀረጸው ቅጂ መቁረጥ ሌላ ነው፣ ፈቃድ ይጠይቃል። ሦስተኛ አማራጭ አለ፦ በሰፈር ያለ ዋሽንት ነፊ ወይም ማሲንቆ ተጫዋች ጠርቶ፣ ክፍያውን ተስማምቶ፣ ስሙን በዘፈኑ መግለጫ አስፍሮ አዲስ ድምፅ መቅረጽ። ወጪው ጥቂት ነው፣ ቅኝቱ የአካባቢው ይሆናል፣ የቅጂው መብትም በስምምነቱ መሠረት ከሠሪዎቹ እጅ አይወጣም።